የአባቴ ባለ ሦስት ድንጋይ ባትሪ በቻርጅ ሠራች፦ ጅማ መርካቶ ያገኘሁት ባለሙያ

ቶሎ ማወቅ ለሚፈልግ ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ጅማ ውስጥ የድንጋይ ባትሪያችሁን በቻርጅ እንዲሠራ ማድረግ ከፈለጋችሁ ሄርማታ መርካቶ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግነው ልጅ ጋ ሂዱ። እጁ ንጹሕ ነው። ሥራውን ይወዳል። የማያውቀውን ነገር አይነካም። ቀጠሮ ላይ ግን ይደክማል፤ እሱን ከታች እመጣበታለሁ።

ቤቱ ከዋናው መንገድ አይታይም። ከጫማ ጠጋኞቹ ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ታፔላ የላትም። የልጁን ስም እዚህ አልጽፍም። «ባትሪ የሚቀይረው ልጅ» ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩዋችኋል፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ያስተናግዳችኋል።

እዚያ ያደረሰኝ የአባቴ ማር ነው። አባቴ ማና ወረዳ፣ የቡ ከተማ አጠገብ ቡናና የንብ ቀፎ አለው። ማር የሚቆረጠው ማታ ነው። ወንድሜ ዛፉ ላይ ይወጣል፣ አባቴ ከሥር ሆኖ ያበራለታል። ይህን ሥራ ለዓመታት የሠራችው ረጅም፣ ባለ ሦስት ድንጋይ የብረት ባትሪ ናት። ብርሃኗ ቀጭንና ሩቅ ስለሚሄድ ከሥር ሆነው ቢያበሩ ላይ ቅርንጫፉ ድረስ ይደርሳል። አባቴ በሌላ አይለውጣትም፤ እኔም እንዲለውጣት አልፈልግም።

የድንጋዩ ነገር ግን አስመረረን። ዋጋው በየጊዜው ይጨምራል። ርካሹ ድንጋይ ደግሞ ቶሎ ይሞታል፣ ሞቶም አይተኛም። የዚህ ዓይነት ድንጋይ ቆርቆሮው ዚንክ ነው። ኃይል በሰጠ ቁጥር ዚንኩ ራሱ እየተበላ ይሳሳል። መጨረሻ ላይ ይበሳና ውስጡ ያለው ይፈሳል። የአባቴ ባትሪ ኋላ ያለው ሞላ በዚህ የተነሳ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ወርሶት ነበር።

እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ልጁም «ቲቸር» ይለኛል። ሙያዬ ስለሆነ ጠጋኝ ሲሠራ ዓይኔን ከእጁ ላይ አላነሳም። ስለዚህ ያየሁትን በዝርዝር ልንገራችሁ።

ባትሪዋን ሲቀበለኝ ካቻቢቴ አላነሳም። መጀመሪያ ጆሮው ሥር አስጠግቶ ነቀነቃት። የላላ ነገር እንዳለ እያዳመጠ ነው። ከዚያ ኋላዋን ፈትቶ ድንጋዮቹን አወጣ፣ ዝገቱን በስስ የብርጭቆ ወረቀት ጠረገ፣ አንዱን ድንጋይ ለካ። 34 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 61 ሚሊ ተኩል ርዝመት። ሦስቱ አንድ ላይ 18 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናሉ። «ቲቸር፣ ይቺን አልበሳትም» አለኝ። «ብረቷ ያሳዝናል። በድንጋዩ ቦታ የሚገባ ነገር ሠርቼ እሰጥዎታለሁ። ሲፈልጉ ያወጡታል፣ ሲፈልጉ ድንጋይ ይመልሱበታል።»

ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሌላ ቦታ የጠየቅኋቸው ሁሉ ባትሪዋን ሊበሱ፣ ሊቆርጡ፣ አምፖሏን ነቅለው ሊጥሉ ነበር ያሰቡት። ይህ ልጅ አሮጌው ዕቃ እንዳለ እንዲቆይ ያስባል።

የሠራው ነገር ይህን ይመስላል። ውጪው የመብራት ሽቦ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፍበት ፕላስቲክ ቱቦ ነው። ውስጡ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የወጡ ሁለት የሊቲየም ሴሎች አሉ። 18650 የሚባሉት ናቸው። ቁጥሩ መጠናቸውን ነው የሚናገረው፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሆኑ 36 ሚሊ ይሆናሉ፤ በድንጋይ ቦታ አይገቡም። ስለዚህ በረድፍ አስተኛቸው። እንዲያም ሆኖ 13 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚይዙት። በተረፈው አምስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ቦታ የቻርጅ ቦርዷን አስገባ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሁለት ሴል እንደ ድንጋይ ተከታትሎ ቢገባ ቮልቱ ይደመራል። ሁለት ሊቲየም ሲደመር 7.4 ነው፤ ሲሞላ ደግሞ 8.4። የአባቴ አምፖል አንገቱ ላይ 3.8 ቮልት፣ 0.3 አምፔር ይላል። ገና ሲበራ ይቃጠል ነበር። ልጁ ግን የሁለቱን ሴሎች ፖዘቲቭ ራስ ፊት ለፊት አጋጠመ። ከመሃላቸው አንድ ሽቦ አወጣ። ሁለቱን ኔጌቲቮች በሌላ ሽቦ አገናኘ። በዚህ መንገድ ቮልቱ 3.7 ሆኖ ይቀራል፣ የሚደመረው አቅሙ ብቻ ነው። ሲሞላ 4.2 ይደርሳል፤ ይህም ለአምፖሉ እንግዳ አይደለም። ሦስት አዲስ ድንጋይ 4.5 ይሰጠው ነበርና።

ከማገናኘቱ በፊት ሁለቱን ሴሎች ለየብቻ ሞልቶ ቮልታቸው እኩል መሆኑን በቴስተር አየ። እኩል ካልሆኑ ከሞላው ወደ ጎደለው በአንድ ጊዜ ይፈሳል፣ ሽቦውም ሴሉም ይግላል። ይህን ማንም ሳይነግረው ነው ያደረገው። እዚያው ላይ ልቤ አረፈ።

ብየዳውም ደስ ይላል። የሶልደሩን ጫፍ ሴሉ ላይ ቀጥታ አያሳርፍም፤ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳዋል። ፋብሪካ ሴሎቹን እርስ በርስ ሲያያይዝ ቀጭን የኒኬል ቅጠል ይበይድባቸዋል። ልጁ የላፕቶፑን ባትሪ ሲፈታ ያንን ቅጠል ከሥሩ አይነቅለውም። የጥፍር ያህል ትቶ ይቆርጠዋል። ሽቦውን የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። ሶልደሩን ነካ አድርጎ ያነሳል። ብየዳው ትንሽ፣ ክብና የሚያበራ ነበር፤ የቀዘቀዘ ብየዳ የሚያሳየው ድብዝዝ ያለ መልክ የለውም።

የቱቦው ሁለት ጫፎች ዋንዛ ናቸው። የጅማ አናጺዎች ወንበርና በርጩማ ሲሠሩ የሚጥሉትን ቁራጭ ይለቅማል። ክብ አድርጎ ሞርዶ ይወትፈዋል። ፊት ለፊት አምፖሉን የሚነካው ከተሰበረ የሶኬት እግር የተቆረጠ ነሐስ ነው። ኋላ ያለውም እንዲሁ ነሐስ፣ ሞላው የሚያርፍበት። ቱቦው ውስጥ ለውስጥ እንዳይንቀጠቀጥ ከላዩ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ጠቀለለበት። ቻርጅ ሲያስፈልግ ቱቦውን አውጥቶ በሞባይል ቻርጀር መሰካት ነው።

አምፖሉን በተመለከተ ትንሽ ተከራከርን። እሱ ኤልኢዲ ላድርግበት አለ። ድንጋይ ይቆጥባል፣ ይደምቃል፣ አይቃጠልም፤ ሁሉም እውነት ነው። እኔ እምቢ ያልኩት በንቡ ምክንያት ነው። ንብ ቀይ አይታያትም። ንብ ቀለም እንደምትለይና ቀይን እንደ ጨለማ እንደምታየው ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው ሳይንቲስት ከመቶ ዓመት በፊት አሳይቷል፤ በ1973 በአውሮፓ አቆጣጠር የኖቤል ሽልማትም አግኝቷል። ስለዚህ ቀፎ አጠገብ በቀይ ብርሃን የሚሠራ ሰው ንቡን ብዙም አያስነሳም። ነጭ ኤልኢዲ ደግሞ ሰማያዊው ብዙ፣ ቀዩ ትንሽ ነው። ቀይ ብትጋርዱበት የሚያልፈው ብርሃን ጭላንጭል ብቻ ነው። ክር ያለው አምፖል ግን አብዛኛው ብርሃኑ ወደ ቀይ ያደላል። አባቴ ጋ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ልጁ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ከጠረጴዛው ሥር ካለው ካርቶን የተሰበረ የባጃጅ የኋላ መብራት አወጣ። ቀዩን ፕላስቲክ የባትሪዋን መስታወት ልክ አድርጎ ቆረጠው፣ ጠርዙን ሞረደው፣ ከመስታወቱ በላይ ቀለበቱ ውስጥ አስገባው። ሳልጠይቀው ነው። ሲፈለግ ይገባል፣ ሳይፈለግ ይወጣል። ለዚህ ሳንቲም አልተቀበለኝም።

አሁን ስለ ጊዜው። ሴሎቹ አሮጌ ስለሆኑ ለየብቻቸው 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያህል ነው የቀራቸው። ሁለቱ 4000። አምፖሉ 300 ሚሊ አምፔር ይወስዳል። በስሌት 13 ሰዓት ነው። በተግባር ትንሽ ያንሳል፤ ለአንድ ሌሊት የማር ቆረጣ ግን ይተርፋል። የቻርጅ ቦርዷ ቲፒ4056 የምትባለው ትንሽ ሰማያዊ ቦርድ ናት። ስትሞላ ቀይ፣ ስትጨርስ ሰማያዊ ታበራለች። 4.2 ቮልት ላይ ራሷ ታቆማለች። የሚገፋው ቢበዛ 1 አምፔር ስለሆነ ባዶ የሆነውን ቱቦ ለመሙላት ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ማታ ሰክታችሁ ጠዋት ብታገኙት ጥሩ ነው። አልጋ ላይ ግን አትሙሉ። ሲሚንቶ ላይ ወይም የሸክላ ሳህን ላይ አስቀምጡት።

የወሰድኩት ሁለተኛው ባትሪ ብዙ ቤት ያለው ዓይነት ነው። መብራት ስትጠፋ የምናወጣው፣ ከጎኑ ሁለት የሶኬት እግር እየተገፋ የሚወጣለት። እነዚህ ውስጣቸው 4 ቮልት የሆነ ትንሽ የእርሳስ ባትሪ አለ። የእርሳስ ባትሪ ባዶውን መቀመጥ አይወድም። ባዶ ሆኖ ሲቆይ ውስጡ ያሉት ሳህኖች ነጭ ሰልፌት ይወርሳቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ቻርጅ አይቀበልም። የእኛ ቤቱም እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው። ኤልኢዲዎቹ ደህና ናቸው። ልጁ የእርሳሱን ባትሪ አውጥቶ አንድ ሊቲየም ሴል ተካለት። ቮልታቸው ስለሚቀራረብ ሌላ ነገር መቀየር አላስፈለገውም።

ግን እግሮቹን ቆርጦ ጣላቸው። ምክንያቱን ላብራራ፣ ቤታችሁ ራሳችሁ የምትሞክሩ ስላላችሁ። የእነዚህ ባትሪዎች ቻርጀር ትራንስፎርመር የለውም። ከግድግዳው 220 ቮልት የሚመጣውን በአንድ ካፓሲተር አፍኖ፣ በዳዮድ አስተካክሎ ቀጥታ ባትሪው ላይ ይለቀዋል። ሲሞላ የሚያቆም ነገር የለውም። የእርሳስ ባትሪ ይህን ለጥቂት ጊዜ ይችለዋል። ሊቲየም ግን ከ4.2 ካለፈ ያብጣል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ደግሞም ተሰክቶ ሳለ ውስጡ ያለው ሽቦ ሁሉ ሰው ይይዛል። ስለዚህ ልጁ ሽቦውን ብቻ ቢያላቅቅ በቂ መስሎ ሊታይ ይችል ነበር። እሱ ግን «ቲቸር፣ ነገ ሌላ ሰው ይፈታውና መልሶ ያገናኘዋል» ብሎ እግሮቹን ከነቦርዱ አወጣቸው። በቀዳዳው የሞባይል ቻርጀር የሚገባበትን አፍ አስቀመጠ። አንድ ጠጋኝ ከሱ በኋላ ስለሚመጣው ሰው ሲያስብ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛዋ ባለ ሁለት ድንጋይ ናት፣ የእናቴ። እሷ ላይ ብዙ አልተጨነቀም። አምፖሏ 2.5 ቮልት ነው፣ ሊቲየም አይስማማትም። በቻርጅ የሚሠራውን ቀጭኑን የሪሞት ድንጋይ ሁለት አስገዛኝ። እያንዳንዱ 1.2 ቮልት ስለሆነ ሁለቱ 2.4 ይሆናሉ፤ ልክ ነው። ቀጭን ስለሆኑ ከዋንዛ ሁለት ቀፎ ሠራላቸው፣ ወፍራም ድንጋይ አከሉ። ርዝመታቸው በአንድ ሴንቲ ሜትር ስለሚያጥር ከኋላ የነሐስ ብሎን ጨመረባቸው። የወፍራሙን ድንጋይ ያህል አይቆዩም። እናቴ ግን ባትሪዋን ማታ ደጅ ለመውጣት ነው የምትፈልገው፤ ይበቃታል።

ስለ ሴል አንድ ነገር ልጨምር። ወንድሜ ከዚህ በፊት ከአንድ ሱቅ 9900 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል የተጻፈበት 18650 ገዝቶ ነበር። ለልጁ አሳየሁት። ጠረጴዛው ላይ ወርቅ የሚመዘንበት ዓይነት ትንሽ ሚዛን አለችው። ጥሩ 18650 ወደ 45 ግራም ይመዝናል። የወንድሜ 30 አልሞላም። በዚህ መጠን ያለ ሴል ከ4000 ብዙ ያለፈ የለም፤ ገበያ ላይ የታወቁት ጥሩዎቹ 3500 አካባቢ ናቸው። 9900 የሚል ካያችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ልጁ ራሱ የላፕቶፕ ሴሎችን ወዲያው አይጠቀምም። ይሞላቸዋል፣ ቀኑን በማርከር ይጽፍባቸዋል፣ ሳምንታት ያስቀምጣቸዋል። ቮልቱ የወረደውን ይጥለዋል። ሲገኝ ጀምሮ ከ2.5 ቮልት በታች የነበረውንም አይነካም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ቀጠሮው አይታመንም። «ማክሰኞ ይምጡ» ካለ ዓርብ ይደርሳል ብላችሁ አስቡ። ስልክ አያነሳም፤ እጁ ሥራ ላይ ነው። ከየቡ ወይም ከሰቃ የሚመጣ ሰው ለዚህ ሲል ትራንስፖርት ሁለቴ መክፈል የለበትም። ይህን ነግሬዋለሁ። ደረሰኝም ሆነ የተጻፈ ዋስትና የለም። «ከተበላሸ ያምጡት» ነው ያለኝ።

ተበላሽቶ ወስጄለት ቃሉን ጠብቋል። የጅማ ዝናብ ሲጀምር ዋንዛው እርጥበት ጠጥቶ አበጠና ቱቦው ባትሪዋ ውስጥ ተጣበቀ። በፒንሳ ስቦ አወጣው፣ እንጨቱን እንደገና ሞረደው፣ ከዚያ ሰም በእሳት አቅልጦ ቀባው። ሰሙን ከአባቴ ወስጄለት ነው። ከዚያ ወዲህ አልተጣበቀም። ገንዘብ አልጠየቀኝም። የሁለተኛው ባትሪ የቻርጅ አፍ ላይ የለጠፈው የላስቲክ ክዳን ግን እስካሁን እየላላ ያስቸግራል። ከዝናብ ማራቅ አለብኝ። ይሄኛው ደካማ ሥራ ነው።

ትልቁን ጉዳይ የነገረኝ አባቴ ነው። ቱቦውን አገላብጦ አየ። «አንቺ፣ ይሄ ሊያልቅ ሲል በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ድንጋይ ሲደክም ብርሃኑ እየቀላ፣ እየደበዘዘ ይሄዳል። ሰው ይዘጋጃል። ሊቲየም ግን ብርሃኑን እስከ መጨረሻው አካባቢ ይይዛል። ቮልቱ ወደ 2.5 ሲወርድ የቦርዷ መከላከያ በአንድ ጊዜ ይቆርጠዋል። ድርግም። ወንድሜ ዛፍ ላይ ሆኖ ይህ እንዲደርስ አልፈልግም።

መልሱ ያው ልጁ መጀመሪያ ባደረገው ነገር ውስጥ አለ። ባትሪዋን ስላልበሳት ድንጋይ መልሳ ትቀበላለች። አባቴ ማር ቆረጣ ሲወጣ ቱቦውን የሚያስገባው የሞላበትን ዕለት ነው። ኪሱ ውስጥ ደግሞ ሦስት ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልሎ ይይዛል። ብርሃኑ ቢቆረጥ ኋላውን ፈትቶ መቀየር ነው። በጨለማም እጁ ያውቀዋል።

ዋጋውን በብር ብጽፈው ነገ ይለወጣል። ለአባቴ ባትሪ የከፈልኩት ጥሩ የሚባለውን ወፍራም ድንጋይ ሦስት ጊዜ ከመግዛት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሴሎቹን ጨምሮ። የእርሳሱ ባትሪ ሥራ ከዚያ ያንሳል። የእናቴ ቀፎዎች እዚህ ግባ የሚባሉ አይደሉም፤ ወጪው ድንጋዮቹና ቻርጀራቸው ናቸው።

የምትሄዱ ከሆነ ሐሙስን ተዉት፤ ገበያ ስለሆነ መግቢያም መቆሚያም የለም። ጠዋት ሂዱ። አምፖሉን ከነባትሪው ውሰዱ፤ የሚወስነው አንገቱ ላይ የተጻፈውን ቮልት አይቶ ነው። የትኛው ጫፍ ወደ አምፖሉ እንደሚገባ ቱቦው ላይ ቀይ ምልክት እንዲያደርግላችሁ ጠይቁት፤ ራሱ አያስታውስም። ባለ አንድ ድንጋይ ባትሪ ያላችሁ ስለ ሊቲየም አትጠይቁት፤ 1.5 ቮልት የለመደ አምፖል አይችለውም፣ እሱም ይመልሳችኋል።